ከሰጠመችው መኪና የተፈታው ትራንስፈር

ሴት ናት! ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም! ፀጉሯ ጥቁር፣ እግሯ ረጅም፣ ድምፅዋ ደግሞ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በስልክ ሽቦ ተጉዞ ፖስታ ቤቴን ያናወጠ! ስልኩ ከሁለት ሌሊት ዝምታ በኋላ ዛሬ ጠዋት ድንገት ሲጮህ፣ ከያዝኩት ሻይ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ወሬውን ስሰማ ብቻዬን ነበርኩና የምነግረው ሰው አጣሁ። ለድመቷ ነገርኳት። ድመቷ ግድ አልሰጣትም።

የማን ልጅ ናት ትሉ ይሆናል። የታምሲን ናት፤ የዳርሲ ፔንሆል ልጅ የታምሲን። ዳርሲ አያት ሆነ!

ግን ይህን ወሬ አስቀድማ መስማት የሚገባት እኔም አይደለሁም፣ ድመቷም አይደለችም። ሃዝል ናት። የሃዝል ቤት ከፖስታ ቤቱ ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ በመካከላችን ግን ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ ቡናማ ውሃ ይፈሳል። የእሷ ስልክ ገና አልተጠገነም። በረንዳዋ ላይ ቆማ አያታለሁ፤ እሷም ታየኛለች። ብጮህ ነፋሱ ይወስደዋል። እጄን እንዳላውለበልብ ደግሞ፣ እጅ ለደስታም «ድረሱልኝ» ለማለትም የሚውለበለበው አንድ ዓይነት ነው፤ ያቺን ሴት በከንቱ ማስደንገጥ አልፈልግም። ስለዚህ ከደረጃዬ ሥር እንጨት ተክዬ፣ ጉልበቴ ልክ ላይ ቀይ ቀለም ቀብቼበታለሁ። ውሃው ከቀዩ በታች ሲወርድ እሄዳለሁ። እስከዚያው እጄ ሥራ ከሚፈታ የዳርሲን ነገር ልጻፍ። አሁን ካልጻፍኩት መቼ ልጽፈው ነው!

ዳርሲ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አራቱን ዓመት የኖረው ግሬደር ላይ ተቀምጦ የዚህን አገር የአፈር መንገድ ሲያስተካክል ነው። አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ የአንገቱ ቆዳ በፀሐይ ብዛት እንደ ደረቀ ኩሬ የተሰነጣጠቀ። ሲሠራ በጥርሱ መካከል ያፏጫል፤ ዜማ የለውም፣ የሚፈላ ጀበና ይመስላል። እና አንድ ቃል አለችው፦ «ምንም አትሆንም!» ጎማ ተቀደደ፣ ምንም አትሆንም። ነፋስ ጣራ ነቀለ፣ ምንም አትሆንም። እርግጥ እዚህ ምዕራብ ኩዊንስላንድ ያለን ሁሉ እንላታለን፤ ዳርሲ ሲላት ግን ማኅተም የተመታባት ያህል ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት የሃዝል ባል ሞርት ጎርፍ በሞላው የወንዝ መሻገሪያ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ማዶ ግሬደሩ ላይ ለተቀመጠው ለዳርሲ «ያስኬደኛል ወይ?» ብሎ ጮኸ። ዳርሲም ውሃውን አይቶ «ምንም አትሆንም!» አለው። ሞርትን ውሃው ወሰደው፤ ሬሳውን በሦስተኛው ቀን አገኘነው። መኪናዋን በግሬደር ጎትቶ አውጥቶ ሃዝል ግቢ ዛፉ ሥር ያቆማት ራሱ ዳርሲ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያንን ግቢ ረግጦት አያውቅም። ጥፋቱ የእሱ ነው ያለ ሰው የለም። ሃዝልም አላለችም። እሱ ግን በቤቷ በኩል ማለፍ ሲኖርበት በጀርባ መንገድ ይዞር ነበር። ቦታውን ዛሬ ሁላችንም የሞርት መሻገሪያ እንለዋለን።

የዳርሲ መኪና ስሟ እሜቴ ነው። ዕድሜዋ ከታምሲን ይበልጣል። በሯ በሽቦ ይታሰራል፣ መስኮቷ ካለ ካቻቢቴ አይከፈትም፤ አራቱም ጎማዋ ሲገፋ ግን ጭቃ አይበግራትም። ከካምቢዮዋ ኋላ ትራንስፈር የሚሉት ግማሽ ኩንታል የሚመዝን የብረት ሣጥን አለ። የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው እሱ ነው። እሱ ከሞተ የፊት ጎማዎች ጌጥ ናቸው፤ በእኛ ጭቃ ደግሞ በኋላ ጎማ ብቻ የሄደ ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት ሰሜን ላይ ክፉኛ ዘነበ። እኛ ጋ ጠብታ የለም። እዚህ ጎርፍ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ፣ ፀሐይ እየጠበሰችህ፣ ማዶ የዘነበው ውሃ በሰባት በስምንት ቀኑ እየተሳበ ይደርሳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ስለ እኛ ሳይሆን አይቀርም። ሬዲዮው ረቡዕ ቀትር ላይ የሞርት መሻገሪያ ይደርሳል ብሎ ነበር። ታምሲን ከመሻገሪያው ማዶ፣ ሦስት ጉድጓድ በሚባለው የከብት እርባታ ናት፤ ስድሳ ኪሎ ሜትር። ወሯ ገብቷል። ባሏ ከብቶቹን ይዞ ወደ ላይ እንደ ወጣ በውሃ ተከቧል። ዳርሲ ማክሰኞ ጠዋት ሄዶ ሊያመጣት አስቦ፣ ሰኞ ዕለት እሜቴን አሸዋው ላይ ሊሞክራት ወጣ። እሷም «ቋ!» አለችና የፊት ጎማዎቿ ቆሙ። ዳርሲ ከሥር ገብቶ የትራንስፈሩን ዘይት ሲያወርደው የተሰባበረ የማርሽ ጥርስ አብሮ መዳፉ ላይ ወረደ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሻላዎቹ መጡ። እነዚያ ምንቃራቸው ሥር ከረጢት ያንጠለጠሉ ነጫጭ ወፎች ከውሃው ቀድመው ይደርሳሉ፤ እንዴት እንደሚያውቁ እግዜር ይወቅ። ደረቁ ሜዳ ላይ ተደርድረው ቆሙ፣ እንደ ለቀስተኛ። ሬዲዮው ነገ ይላል፣ ወፎቹ ግን ዛሬ መጥተዋል። 

ስልኩ ጮኸ። ዳርሲ ስልክ አያነሳም፤ የሚፈልገው ሁሉ የሚደውለው ለፖስታ ቤቱ ነው።

«ለአባዬ ንገሪልኝ» አለች ታምሲን። «ወገቤን እየቆረጠኝ ነው። ደግሞ ነርሷ ባለፈው ወር ልጁ ሆድሽ ውስጥ በጎን ተጋድሟል ብላኝ ነበር። ለአባዬ ይህን አልነገርኩትም።»

ሦስት ጉድጓድ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌለው ሄሊኮፕተር ጠየቅኩ። ያለችው አንዷ ሰሜን ጣራ ላይ የወጡ ሰዎችን ትለቅማለች፤ «ሐሙስ ምናልባት» አሉኝ። የሚሄድ መኪና ያለው ሁሉ ከብት ሊያሸሽ ወጥቷል። የእኔዋ የፖስታ መኪና እንኳን መሻገሪያ እርጥብ ሣርም ትፈራለች።

ዳርሲ ግቢው ውስጥ የተሰባበሩትን ጥርሶች ካርቶን ላይ ደርድሮ ተቀምጦ ነበር። ሁሉን ነገርኩት፤ የተጋደመውንም ጭምር። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እንደ እሜቴ ያለች መኪና ሌላ አንዲት አለች» አልኩት።

ካርቶኑ ላይ አንዱን ጥርስ ገለበጠ።

«ዳርሲ፣ የሃዝል...»

«የት እንዳለች አውቃለሁ!» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ያቆምኳት እኔ ነኝ።»

በፖስታ መኪናዬ ወሰድኩት። ከሃዝል አጥር ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ በሩ ክፍት ነው፣ እሱ ግን አልገባም። ሃዝል የዶሮ ጥሬ ይዛ ከጓሮ መጣች። አየችው። ጥሬውን በትና ጨረሰች።

«የመጣኸው ሻይ ልትጠጣ አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

«ስድስት ዓመት ሆነህ።»

«አዎ።»

«በሩን ቆልፌብህ አላውቅም እኮ።»

ዳርሲ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ መሬት መሬት ያያል። «ታምሲንን ምጥ ይዟታል። ልጁ ተጋድሟል። የእሜቴ ትራንስፈር ደግሞ ተሰብሯል።»

ሃዝል ዛፉ ሥር ወዳለችው መኪና ዞረች። ጭቃው አሁንም መስኮቷ ላይ ደርቆ አለ፤ እስከ የት ድረስ ሰጥማ እንደነበር መስመሩ ይናገራል።  እኔ አትሰጠውም ብዬ ነበር።

«ውስጧ ዶሮዎቼ ይጥላሉ» አለች በመጨረሻ። «መጀመሪያ እንቁላሌን ላውጣ።»

ስትመለስ ስምንት እንቁላል በቀሚሷ ይዛ ነበር። ዳርሲን ከፊቱ ቀርባ አየችው። «አንድ ነገር ብቻ። ትራንስፈሩ ማዶ ደርሶ ሲመለስ ሰው ላክልኝ። ራስህ እንዳትመጣ። ያን ቀን አፍህን ሳትከፍት ፊትህን አይቼ ነው ያወቅኩት። ሁለተኛ በፊትህ መርዶ አልሰማም። ሰው ላክ።»

«ፖስታን እልካታለሁ» አለ ዳርሲ። ፖስታ የሚለው እኔን ነው።

ከሞርት መኪና ሥር ገብቶ የትራንስፈሩን ማውረጃ ቡሎን ሲፈታው መጀመሪያ የወጣው ዘይት አልነበረም። ውሃ ነው የወጣው። ግራጫ፣ ቀዝቃዛ፣ ሁለት ኩባያ የሚሆን ውሃ፤ ያን ቀን ገብቶ ስድስት ዓመት እዚያ ውስጥ ተኝቶ የቆየ። ዳርሲ በጣሳ ተቀበለውና የት እንደሚደፋው የጠፋበት ይመስል ቆየ። ከዚያ ዛፉ ሥር አፈሰሰው። ዘይቱ የመጣው ከእሱ በኋላ ነው፣ ጥቁርና ወፍራም። ሣጥኑን ፈትቶ አውርዶ በእጁ ሲያሽከረክረው ጥርሶቹ ያለ ድምፅ ዞሩ።

«ደህና ነው?» አልኩት።

«ከሥር ዝገት ነክቶታል። ማርሹን ይዞ የሚያቆመው ሞላ ላልቷል።»

ያቺን ቃሉን እስኪላት ጠበቅኩ። አላላትም።

ቀትር ላይ እሜቴ ሥር ነበርን። የዳርሲ ቤት የተሠራው እንደ ሁላችንም ቤት ጎርፍ እንዳይደርስበት በተቆለለ የአፈር ጉብታ ላይ ነው። ጋራዡ ግን ታች ሜዳው ላይ ነው። ሥራው ሳያልቅ ውሃው ቢደርስ እሜቴ እንዳትሰጥም ብሎ በኋላ ጎማዎቿ ብቻ እየገፋ ጉብታው ላይ አወጣት። ብልህ ነገር ይመስላል፤ እኔም ብልህ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሣጥኑን የመቀየር ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ፈትቶ መግጠም ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱትን ሁለቱን ትራንስሚሽን ዘንጎች ፈታ፣ የማርሹን ዘንግ ነቀለ፣ ካቦዎቹን አላቀቀ። ዳርሲ ቡሎን ሲፈታ ዝም ብሎ አይጥልም፤ የቢራ ካርቶን ላይ የሣጥኑን ቅርጽ በእርሳስ ይሥልና እያንዳንዱን ቡሎን በወጣበት ቦታ ካርቶኑ ላይ ይሰካዋል። እያፏጨ ይሰካል። እኔ ካርቶኑን ይዣለሁ። ጉንዳኖች በሦስት መስመር ከሜዳው ወደ ጉብታው እየወጡ ነበር፤ እንቁላላቸውን ተሸክመው። ከዚያ አንዲት ቡናማ እባብ መጣች። የዚያች ዘር አንድ ጊዜ ከነደፈች ሐኪም ጋ አያደርሱም። በዳርሲ እግር አጠገብ አለፈችና ቤቱ ሥር ገባች። ዞር ብላም አላየችንም። ከእኛ የባሰ የምትሸሸው ነገር ነበራት።

«ዳርሲ፣ እባብ።»

«መጣች ወይስ ሄደች?»

«ሄደች።»

«እንግዲያው ምን ታስፈራሪኛለሽ? ያንን ክሪክ ወዲህ ግፊው።»

የድሮው ሣጥን ወጥቶ መሬት ላይ ተጋደመ። የሞርትን ሣጥን ባለ ጎማው ክሪክ ላይ ጭነን ከሥሯ አስገባነው። ዳርሲ በጀርባው ተኝቶ፣ በግራ እጁ ከሥር ደግፎ በቀኙ እያዞረ፣ ጥርሱ ከካምቢዮው ዘንግ ጥርስ ጋር እስኪገጣጠም ይገፋዋል። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው በእግሩ መሬት ረግጦ በኃይል ሲገፋ እሜቴ ተነቃነቀች።

የቀረውን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የእሜቴ የእጅ ፍሬን እንደ ሌላው መኪና ጎማ ላይ አይደለም፤ ትራንስፈሩ ጀርባ ላይ ነው። ትራንስፈሩ ሲወጣ ፍሬኑም አብሮ ይወጣል። ማርሽ ውስጥ ብትተዋትም ዋጋ የለውም፤ ዘንጎቹ ተፈትተዋላ። ዳርሲ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ግን እዚህ አገር ኳስ መሬት ላይ ብታስቀምጥ ካልገፋሃት የትም አትሄድም። አገሩ ሁሉ ሜዳ ነው። ጎማ ሥር ድንጋይ የማድረግ ልማድ የለንም፤ ኧረ ድንጋዩም የለንም! ያለን ቁልቁለት ራሳችን የቆለልነው ጉብታ ብቻ ነው፤ እኛም የወጣነው እሱ ላይ ነው።

እሜቴ ወደ ኋላ መንከባለል ጀመረች። ቀስ ብላ፣ እንደ ከብት፣ ያለ ድምፅ። ክሪኩ ተገለበጠ። አንድ የደነዘዘ ድምፅ ሰማሁ፤ ፉጨቱ ቆመ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ ከመሪው ኋላ ነበርኩ። እግሬ ሥር ሦስት ነገር አለ። የመጀመሪያው ፍሪሲዮን ነበር፤ ምንም አላደረገም። ሁለተኛውን በሁለት እግሬ ቆምኩበት። እሜቴ ቆመች። የኋላ ጎማዎቿ ጉብታው ጠርዝ ላይ ነበሩ።

ከሥር ድምፅ የለም።

«ዳርሲ?»

ሻላዎቹ ሜዳው ላይ ቆመዋል። አንድም አልተንቀሳቀሰም።

«ዳርሲ!»

«እግርሽን እንዳታነሺ» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ብቻ እግርሽን እንዳታነሺ።»

እጁን ከሣጥኑ ሥር እንዴት እንዳወጣው አላየሁም፤ ሰማሁት እንጂ። ከዚያ በሸሚዙ የተጠቀለለ ግራ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲሳብ ወጣ። በቀኝ እጁና በጉልበቱ የድሮውን ሣጥን፣ ያንን የሞተ ግማሽ ኩንታል ብረት፣ እያንከባለለ ወስዶ ከኋላ ጎማው ሥር ወተፈው።

«አሁን አንሺ።»

አነሳሁ። እሜቴ ጋደል ብላ የራሷ ሬሳ ላይ ተደገፈች። ቆመች። ያኔ ብቻ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።

«አልቅሰሽ ስትጨርሺ ከሥር ግቢ» አለ ዳርሲ። «ከዚህ በኋላ ቡሎን የምታጠብቂው አንቺ ነሽ።»

«እኔ? እኔ ቴምብር የምለጥፍ ሰው ነኝ!»

«እሱም መለጠፍ ነው። በምላስሽ እንዳይሆን እንጂ።»

ገባሁ። እሱ አጠገቤ ተኝቶ «ክሪኩን አንድ ጥርስ ከፍ... አሁን አዙሪ... ትንሽ መልሺ» ይለኛል፤ ከሸሚዙ የሚንጠባጠበው አቧራው ላይ ይጠቁራል። ምን ያህል ጊዜ እንደሞከርኩ አላውቅም፤ ድንገት ግን ሣጥኑ እንደ መሳቢያ ሸተት ብሎ ገባ። ከካርቶኑ ላይ ቡሎኖቹን በየተራቸው እየነቀልኩ መለስኳቸው። አንድም አልተረፈኝ! ይህን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።

ወደ አሥር ሰዓት ተነሳን። በእኛ አገር መሪው በቀኝ ነው፣ ማርሽ የሚገባው በግራ እጅ ነው፤ የዳርሲ ግራ እጅ ደግሞ በፎጣ ታስሮ ጭኑ ላይ ተኝቷል። እኔ መካከል ተቀመጥኩ። እሱ ፍሪሲዮን ሲረግጥ «ሁለት» ይላል፣ እኔ አስገባለሁ። «ሦስት።» አስገባለሁ። የሞርትን መሻገሪያ ስናልፍ ደረቅ ነበር። ሁለታችንም ወደ ጎን አላየንም።

ታምሲን በሯ ላይ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ላቧ በፊቷ እየወረደ።

«ዘገየህ። እሷን ደግሞ ምን ብለህ አመጣሃት?»

«ግራ እጄ ናት» አለ ዳርሲ።

ስንመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፣ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። መሻገሪያው ከመድረሳችን በፊት ሰማነው፤ ደረቅ ሣር ላይ ጨርቅ የሚጎተት ዓይነት ድምፅ። ውሃው ቀድሞናል። አረፋና ጭራሮ እየገፋ፣ በየጭራሮው ላይ ሸረሪት እንደ ጥቁር ፀጉር ተጭኖ፣ በስፋት ይሄዳል። የውሃው ጥልቀት መለኪያ ምሰሶ እስከ ወገቡ ገብቷል።

ዳርሲ አቆመ። ወርዶ፣ ውሃ ሞተሩ ላይ እንዳይረጭ በአንድ እጁ የቬንትሌተሩን ቺንጋ አወለቀ፤ እኔ የሞተሩን ፊት በሸራ ሸፈንኩት። ተመልሶ ተቀመጠና ውሃውን አየ።

«አባዬ» አለች ታምሲን ከኋላ። «ያስኬደናል?»

አፉን ከፈተ። ዘጋው። ደግሞ ከፈተ።

«አላውቅም» አለ።

በሠላሳ ዓመት ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ከውሃው ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

«ብንቆይስ?»

«ሌሊቱን ይጨምራል። ነገ ጭራሽ የለም።»

ታምሲን ጥርሷን ነክሳ አንድ ሕመም አሳለፈች። «እንግዲያው ተወው፣ እኔው እላታለሁ። ምንም አትሆንም! በል ንዳ።»

ዳርሲ ከባዱን ማርሽ አስገቢ አለኝ፤ አስገባሁ፤ ገባን። ውሃው እስከ ጎማ፣ ከዚያ እስከ መብራት፣ ከዚያ በበሩ ሥር እግራችን ላይ መጣ። መካከል ላይ ስንደርስ የትራንስፈሩ ዘንግ በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የላላው ሞላ! ማርሹ ሊያመልጥ ነው፤ ካመለጠ ጎማ አይዞርም፣ የሞርት ዕጣ ነው።

«ያዢው!» አለ ዳርሲ።

በሁለት እጄ ያዝኩት። ይጎትተኛል፤ ልክ ከሥር ሌላ ሰው ይዞ የሚጎትት ያህል። ኋላዋ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። ጉልበቴን ዘንጉ ላይ ጫንኩ፣ ደረቴን ጫንኩበት። ታምሲን ከኋላ አንገቴን ይዛ «ወይ ልወልድብሽ ነው ወይ ላንቅሽ ነው!» ትላለች። ዳርሲ አያፏጭም። ሞተሩ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከሥሩ የዚያ ሣጥን እንጉርጉሮ፤ ወፍራም፣ የማያቋርጥ። ከዚያ የፊት ጎማዎች አንድ ጠንካራ ነገር ነከሱ፣ አፍንጫዋ ቀና አለ፣ ውሃው በበሮቹ ወጣ።

ዳርሲ ሃምሳ ሜትር ነድቶ ቆመ። ወርዶ ተንበረከከ፣ ደህናውን እጁን ከሥሯ አስገብቶ የሣጥኑን ሆድ ነካው። የሚያንጠባጥብ ነገር ፈልጎ መስሎኝ ነበር። እጁን ግን ቶሎ አላወጣም።

«ለሃዝል ንገሪያት» አለኝ ሲነሳ።

እሜቴን ከፖስታ ቤቱ ጀርባ አቆምናት፤ ከሃዝል በረንዳ አትታይም። ለሃዝል ልነግራት ከደረጃው ስወርድ መንገዱ ውሃ ሆኗል። እሷ ፋኖስ አብርታ በረንዳዋ ላይ ነበረች። ሌሊቱን ሙሉ አላጠፋችውም፤ ትናንትም አላጠፋችውም።

ረቡዕ ጠዋት፣ ስልኩ ከመቋረጡ በፊት የጠራሁት የሐኪሞች አውሮፕላን ከእኛ በኩል ባለው አስፋልት ማረፊያ ላይ አርፎ ታምሲንንና ዳርሲን ወሰደ። የቀረውን ዛሬ በስልክ ነው የሰማሁት። በቀዶ ሕክምና ነው የወለደችው፤ ሐኪሙ «ሦስት ጉድጓድ ሆና ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም አናገኛቸውም» ብሏቸዋል። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ዳርሲ ከግራ እጁ ሁለት ጣት አጥቷል።

«የሕፃኗን ጣቶች ቆጠርኳቸው» አለኝ። «አሥር ናቸው። ሙሉ ናቸው።» ከዚያ ደግሞ፣ «ሃዝል ምን አለች?»

«ውሃው አላሻገረኝም፤ ገና አልነገርኳትም።»

 «ሁለት ሌሊት!» አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ ቆማ?»

አሁን ቀና ብዬ ሳይ... ቀዩ ወጥቷል! አንድ ጣት ያህል ከውሃው በላይ ነው፣ እርጥብ ሆኖ ያበራል! ሃዝል አሁንም ቆማለች፤ ከደረጃው ስነሳ አይታኝ የበረንዳዋን አግዳሚ በሁለት እጇ ጨበጠች። ከሩቅ እየሳቅኩ እሄዳለሁ፤ ጥርሴን በሙሉ አሳያታለሁ፤ የዚህኛውን ወሬ ፊት ከመንገድ ጀምራ እንድታነበው። ጫማዬ የታል? ኧረ ጫማ ምን ያደርጋል! ቀሚሴን ጠቅልዬ ልሂድ፣ መጣሁልሽ ሃዝል፣ መጣሁ!